ማህፀን ወረደ ሲባል ምን ማለት ነው፣ ከየት ጀምረሽ ምን ታደርጊያለሽ፤ ደረጃ በደረጃ

አክስቴን እትዬ ነው የምንላት። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትቀመጥ ወደ አንድ ጎን ዘመም ትል ነበር፣ እኛ ወገቧን የሚያማት ነበር የሚመስለን። ነገሩ የተገለጠው ልጇን ልታርስ አዲስ አበባ መጥታ ሽንት ቤት ገብታ ስትቆይ ስትቆይ ልጅቷ ደንግጣ በሩን ስትከፍትባት ነው። ለካ እትዬ ሽንቷን ለመሽናት መጀመሪያ የወጣውን በእጇ ወደ ላይ መግፋት ነበረባት። አስራ አንድ ዓመት፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ለማንም ሳትናገር። ስንጠይቃት «የሴት ነገር ነው፣ ምን ይወራል» አለች በቃ።

እኔም ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ቀለል ያለው ደርሶብኛል፣ ስለዚህ ከሁለቱም ጫፍ አይቼዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ከእትዬ ጋር ስመላለስ እና ለራሴም ስፖርቱን ስሰራ የተማርኩትን ያኔ አንድ ሰው በቅደም ተከተል ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ ነው የምጽፈው። ምክንያቱም ሰው የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ወይ ዝም ብሎ መቻል ወይ ኦፕራሲዮን። መሃል ላይ ብዙ ነገር አለ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንግባባ

ከሆድሽ በታች ዳሌ አጥንትሽ መሃል ሶስት ነገር ተደርድሮ ተቀምጧል፣ ከፊት የሽንት ፊኛ፣ መሃል ማህፀን፣ ከኋላ የሰገራ አንጀት። እነዚህን ከስር የያዛቸው ጡንቻ አለ፣ ከፊት ከብልት አጥንት ተነስቶ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ ልክ እንደ አልጋ ጠፍር የተወጠረ። ከላይ ደሞ ማህፀኑን ወደ ጎንና ወደ ኋላ የሚይዙ ጅማቶች አሉ። ጠፍሩ ሲላላ ወይ አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ ክብደቱ ሁሉ ጅማቱ ላይ ይወድቃል፣ ጅማት ደሞ ለአጭር ጊዜ እንጂ ለዓመታት ጭነት አይችልም፣ እየተለጠጠ ይሄዳል፣ ከላይ ያለውም እየወረደ ይመጣል።

እና ሁሌ የሚወርደው ማህፀን አይደለም። የፊት ግድግዳው ላልቶ ፊኛው ሊሆን ይችላል የሚያጎብጠው (ይሄ እንደውም በብዛት የሚታየው ነው)፣ የኋላው ግድግዳ ላልቶ አንጀቱ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ከማህፀኑ ጋር አብረው ሊወርዱ ይችላሉ። ማህፀኗ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወጣላት ሴት ራሱ የብልቷ ጣሪያ ሊወርድባት ይችላል። ከውጪ ስታይው ሁሉም «እብጠት» ነው የሚመስለው፣ መፍትሄው ግን አንድ አይደለም፣ ስለዚህ ነው ጓደኛሽ የዳነችበት ላንቺ ላይሰራ የሚችለው።

ከየት መጣ ካልሽ ዋናው በብልት መውለድ ነው፣ በተለይ ምጡ ሲረዝም፣ ልጁ በመሳሪያ ሲጎተት፣ ልጁ ትልቅ ሲሆን፣ ወይ የማህፀን በር ሙሉ ለሙሉ ሳይከፈት «ግፊ ግፊ» ሲባል። እሱ ላይ የወሊድ ብዛት ሲጨመር፣ የወር አበባ ሲቆም ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ቀንሶ ስጋው ሲሳሳ፣ ከባድ ሸክም፣ የማያቋርጥ ሳል፣ ድርቀት፣ ውፍረት። በዘር ጅማታቸው ልል የሆኑ ሴቶችም አሉ፣ እነሱ አንድ ልጅ ወልደው ወይ ጭራሽ ሳይወልዱ ሊመጣባቸው ይችላል። እርግማን አይደለም፣ የሰው ዓይን አይደለም፣ ባልሽ ሌላ ጋ ስለሄደ የመጣ በሽታም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆነ ማህፀናቸው በኦፕራሲዮን ያልወጣ ሴቶች ሲመረመሩ ከ10 ሴት 4ቱ በሆነ ደረጃ ወርዶባቸው ነው የተገኘው፣ አብዛኞቹ ግን ቀላል ስለሆነ ብዙም አይሰማቸውም። እንግዲህ እንስራ አዝለው የማያውቁ ሴቶች ናቸው።

ደረጃ 1፦ ራስሽን እዪ

አፍራለሁ አትበይ፣ በሩን ዝጊና መስታወት ያዢ። ማታ ይሻላል፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስትውዪ ስለሚወርድ ጠዋት ላይ ምንም የሌለ ሊመስል ይችላል። እጅሽን ታጠቢ፣ ቁጢጥ በይ ወይም አንድ እግርሽን ዱካ ላይ አድርጊ፣ መስታወቱን ከስር ያዢና ሳል ሳል እያልሽ ከዛም ትንሽ አምጪ። ከብልትሽ አፍ ላይ ሮዝ ቀለም ያለው ለስላሳ ኳስ ነገር ብቅ ሲል ካየሽ እሱ ነው።

ሳታዪውም ምልክቱን ታውቂዋለሽ፦ ከታች የሚጎትት ክብደት፣ «የሆነ ነገር ሊወድቅብኝ ነው» የሚል ስሜት፣ ኳስ ላይ የተቀመጥሽ ዓይነት፣ ቀን ሲውል የሚብስና ስትተኚ የሚቀል የወገብ ህመም። ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለት ወይ ተሽንቶ አለማለቅ፣ ስትስቂ ስታስነጥሺ ማምለጥ፣ ሰገራ ለመውጣት በጣት መደገፍ፣ በግንኙነት ጊዜ አለመመቸት። ሁሉም አንድ ላይ አይመጣም። እኔ የተሰማኝ ሁለቱ ብቻ ነበር፣ ለሶስት ሳምንት ያህል «የአራስ ነገር ነው ያልፋል» ብዬ ተውኩት።

ደረጃውን ሐኪም ነው የሚለካው ግን ሐሳቡ ቀላል ነው፣ መለኪያው የብልት አፍ ነው። 1ኛ ደረጃ ወርዷል ግን ገና ውስጥ ነው፣ ከአፉ ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ይርቃል። 2ኛ አፉ ጋ ደርሷል፣ 1 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ወይ 1 ሳንቲሜትር ወደ ውጪ። 3ኛ ከዛ አልፎ ወጥቷል ግን ሙሉ አይደለም። 4ኛ ሙሉ ለሙሉ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ወጥቷል። እትዬ 4ኛ ነበረች። እኔ 2ኛ።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልበል፣ ብዙ ሰው ይሄንን ከፊስቱላ ጋር ያምታታዋል። ፊስቱላ ማለት ምጥ ረዝሞ በፊኛና በብልት መሃል ቀዳዳ ሲፈጠር ነው፣ የሚወጣ ነገር የለውም፣ ሽንቱ ግን ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ ይፈሳል። ሁለቱም ይታከማሉ ግን ለየብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ቀጠሮ የማይጠብቀውን ለዪ

ፕሮላፕስ (ሐኪሞቹ እንደዛ ነው የሚሉት) በራሱ አይገድልም፣ አብዛኛው ጊዜ የሚያጣድፍም አይደለም። ግን እነዚህ ካሉ ዛሬውኑ ሂጂ፦ ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለሽ፤ የወጣው አብጦ አልመለስ ካለ ወይ ቀለሙ ከጠቆረ፤ ከባድ ህመም፤ ትኩሳት ወይ ብርድ ብርድ ማለት ከጎን ህመም ጋር፤ የሚሸት ፈሳሽ። የወር አበባ ካቆመ በኋላ ጠብታም ቢሆን ደም ከታየ ደሞ «ሲፋተግ ቆስሎ ነው» ብለሽ አትለፊው፣ አዎ ፍትጊያም ያቆስላል ግን የካንሰር ምልክትም ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። ልጅ እንደተወለደ ወዲያው፣ እንግዴ ልጁ ሲወጣ አብሮ ማህፀኑ ተገልብጦ ከወጣ ያ ሌላ ነገር ነው፣ በደቂቃ የሚቆጠር ድንገተኛ ነው፣ ደም ይፈሳል፣ እዛው የምታዋልድ ባለሙያ እያለች ነው መመለስ ያለበት።

እስክትደርሺ ምን ታደርጊያለሽ? እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ከዳሌሽ ስር ትራስ አድርጊ ወገብሽ ከፍ እንዲል። ትንሽ ቆይተሽ ትንፋሽ ወደ ውጪ እያወጣሽ በንጹህ ውሃ በራሰ ጣት ቀስ አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ኋላ ግፊው። ካበጠ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ አድርጊበት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቂና እንደገና ሞክሪ። እምቢ ካለ ታግለሽ አታቁስዪው፣ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ሸፍነሽ ሂጂ።

የማይደረገውን ልንገርሽ፣ እትዬ ያላደረገችው የለምና። ጨርቅ ጠቅጥቆ መያዝ የለም፣ ኢንፌክሽን ነው። ቅጠል፣ አረቄ፣ ሎሚ፣ ጭስ፣ የፈላ ውሃ እንፋሎት፣ ምንም አታድርጊበት፣ ስጋው ስስ ነው ይቃጠላል። ጠበል መጠመቅ የምትፈልጊ ከሆነ ተጠመቂ፣ ማንም አይከለክልሽም፣ ካርዱንም ግን አውጪ፣ ሁለቱ አይጣሉም።

ደረጃ 3፦ ካርድ አውጪና የሚያይሽ ሰው ጋ ድረሺ

መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። አዋላጅ ነርሷን ወይ ጤና መኮንኑን «ማህፀኔ ወርዷል» ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው፣ «ሆዴን ያመኛል» ብለሽ ከጀመርሽ የሆድ መድኃኒት ተሰጥቶሽ ነው የምትመለሺው። የጤና መድህን ካለሽ ደሞ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዢ ቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል ብትሄጂ ከኪስሽ ልትከፍዪ ትችያለሽ፣ ስለዚህ ወረቀቱን ያዢ።

ኦፕራሲዮን የሚያስፈልግ ከሆነ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ያለበት ሆስፒታል ነው የሚላክሽ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ፣ ጎንደር፣ ባህር ዳር ጥበበ ግዮን፣ ጅማ፣ መቀሌ ዓይደር፣ እነዚህ ሐኪም የሚያስተምሩ ስለሆኑ ክፍሉ አላቸው። ሐምሊን በፊስቱላ ነው ስሙ የታወቀው፣ ሆስፒታሉ የተከፈተው በ1974 እ.ኤ.አ ነው፣ ወደ ክልልም ወጥቶ ባህር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ማዕከል አለው።

ምርመራው እንዳያስፈራሽ፣ ተኝተሽ (አንዳንዴም ቆመሽ) አምጪ ይሉሻል፣ ያያሉ ይለካሉ፣ ሽንት ይመረመራል፣ ከሸናሽ በኋላ ፊኛሽ ውስጥ የቀረ ሽንት ካለ በአልትራሳውንድ ይታያል። ሴት ሐኪም ይሁንልኝ ማለት መብትሽ ነው፣ ካለች ትገባልሻለች። በዛው ደሞ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አሰሪ፣ እኛ ሀገር ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በብዙ ጤና ጣቢያ ይሰራል፣ አንዴ አልጋው ላይ ከወጣሽ አይቀር።

እትዬን መጀመሪያ የወሰድኳት ቦታ ያየው ሐኪም ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት «ይወጣል» ብሎ ጻፈ፣ ምን እንደሚወጣ አልነገራትም። ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ «እቤቴ መልሱኝ» አለች። ሌላ ቦታ ሁለተኛ ሐኪም ስናገኝ ወረቀት ላይ ስዕል ስሎ ሲያስረዳት ግን ራሷ ጠያቂ ሆነች። እና ያልገባሽን ነገር ፈርመሽ አትምጪ፣ ጠይቂ፣ አሁንም ጠይቂ።

ደረጃ 4፦ ጫናውን አውርጂ

ይሄ ነው ሰው የሚዘለው፣ ለኔ ግን ከሁሉም በላይ ይሄ ነው። አንድ ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፣ ማለትም 20 ኪሎ። ጎንበስ ብለሽ ትንፋሽሽን ይዘሽ ከመሬት ስታነሺው ሆድሽ ውስጥ ያለው ግፊት ሌላ መውጫ ስለሌለው ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ያውም የላላው ጠፍር ላይ። በቀን ሶስት ጊዜ ለሰላሳ ዓመት አስቢው። ስፖርትም ሰራሽ ኦፕራሲዮንም ሆንሽ ይሄ ካልተነካ ከታች የጠገንሽውን ከላይ እያፈረስሽ ነው።

«እና ውሃውን ማን ይቅዳ?» ትያለሽ፣ ትክክል ነሽ። መልሱ ቤት ውስጥ ነው፣ ባል አለ ወንድ ልጅ አለ አህያ አለ። ካልሆነ ሁለት ባለ 5 ሊትር ይዘሽ ብዙ ጊዜ መመላለስ አንድ ባለ 20 ከማንሳት ይሻላል። ማንሳት ግድ ከሆነ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ዕቃውን ደረትሽ ጋ አስጠጊ፣ ከታች ያለውን ጡንቻ ጭምቅ አድርጊ (አሁን እነግርሻለሁ) እና እያነሳሽ ትንፋሽሽን አውጪ፣ አትያዢው። ስግደት ላይም እንደዛው ነው፣ ስትነሺ ትንፋሽ እያወጣሽ ቀስ ብለሽ፣ በቁጥር አትሽቀዳደሚ፣ ካልቻልሽ ደሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ለታመመ ሰው ያቀሉለታል። አረብ ሀገር ሽማግሌ እያነሳሽ እያስተኛሽ የምትሰሪ ከሆነ ለሁለት ማንሳትን ጠይቂ፣ ብቻሽን አትሞክሪው።

ድርቀት ሁለተኛው ነው። ሽንት ቤት ተቀምጦ ማማጥ ልክ እንደ ምጥ ነው፣ በየቀኑ እየወለድሽ እንደማለት። ውሃ ጠጪ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ፓፓያ፣ አጃ ብዪ፣ ተልባ ማታ ነክረሽ ጠዋት ጠጪ፣ ይሄን እናቶቻችን በደንብ ያውቁታል። የፈረንጅ መቀመጫ ከሆነ ከእግርሽ ስር ዱካ ነገር አድርጊና ጉልበትሽ ከዳሌሽ ከፍ ይበል፣ ወደ ፊት ዘንበል በይ። የኋላው ግድግዳ ከሆነ የወረደው፣ በንጹህ ጣት ከፊንጢጣና ከብልት መሃል ያለውን ቦታ ደገፍ ማድረግ ነውር አይደለም፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይመክራሉ።

ሳል፦ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ ለቲቢ ተመርመሪ። የማድቤት ጭስ ከሆነ ቢያንስ መስኮት ወይ ጭስ መውጫ ይበጅለት። ክብደት ከጨመርሽ ትንሽ መቀነስም ይረዳል፣ ብዙ አልልም እሱን ሁሉም ሰው ይነግርሻል።

ደረጃ 5፦ ጡንቻውን አሰሪው

ኬግል የሚባለው ስፖርት ነው፣ አርኖልድ ኬግል የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም በ1948 እ.ኤ.አ ካስተዋወቀው ጊዜ ጀምሮ እየተሰራበት ነው። ብዙ ሴት «ሰርቼዋለሁ አልሰራልኝም» ስትል ሲታይ የተሳሳተ ጡንቻ ስትጨምቅ ነው የከረመችው፣ እኔም የመጀመሪያውን ወር መቀመጫዬን ነበር የማሰራው፣ ቂጤ ጠነከረ እንጂ ሌላ ምንም።

ትክክለኛውን እንዲህ ነው የምታገኚው። በጀርባሽ ተኚ ጉልበትሽን እጠፊ። ሰው መሃል ሆነሽ ፈስ ሊያመልጥሽ ሲል እንደምትይዢው አድርገሽ ፊንጢጣሽን ጨምቂ፣ ከዛ ያንኑ ጭመቃ ወደ ፊት ወደ ሽንትሽ አምጪውና ሁሉንም ወደ ላይ ሳቢው። ወደ ላይና ወደ ውስጥ ነው፣ ወደ ታች መግፋት አይደለም። እርግጠኛ ካልሆንሽ የታጠበ ጣትሽን ብልትሽ ውስጥ አስገቢ፣ ጣትሽ ላይ ጠበቅ ካለና ወደ ላይ ከሳበው አግኝተሽዋል፣ ወደ ውጪ ከገፋው ተቃራኒውን ነው የምትሰሪው ቁሚ። ጭንሽ፣ ሆድሽ፣ መቀመጫሽ መወጠር የለባቸውም፣ ትንፋሽሽም መቋረጥ የለበትም፣ እያወራሽ መስራት ካልቻልሽ ትንፋሽ ይዘሻል ማለት ነው። ሽንት እየሸናሽ ማቆምን ለመለየት አንዴ መሞከር ይቻላል፣ ስፖርት አታድርጊው ግን፣ ፊኛን ያበላሻል።

አሁን አሰራሩ። ጨምቀሽ ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ያዢ፣ ካልቻልሽ በ3 ጀምሪ፣ ከዛ ሙሉ ለሙሉ ልቀቂና የያዝሽውን ያህል እረፊ። መልቀቁ ከመያዙ እኩል ነው፣ ሁሌ ተወጥሮ የሚውል ጡንቻም ደካማ ነው። ይሄን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በቀን ሶስት ዙር። ቀጥሎ ቶሎ ቶሎ ጨምቆ መልቀቅ አስር ጊዜ። መጀመሪያ ተኝተሽ፣ ሲለምድሽ ተቀምጠሽ፣ በመጨረሻ ቆመሽ።

እኔ እየረሳሁ ስቸገር ያገኘሁት ዘዴ ቡና ነው። አቦል ላይ አንድ ዙር፣ ቶና ላይ አንድ ዙር፣ በረካ ላይ አንድ ዙር፣ ረከቦቱ ጋ ተቀምጬ ማንም አያውቅብኝም፣ ጎረቤቶቼ ወሬውን እየሰማሁ ነው የሚመስላቸው። (ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚያጣድፍሽ ከሆነ ግን ቡናው ራሱ ያባብሳል፣ ስኒዋን ቀንሺና ዙሩን ብቻ ያዢ።) ሌላው ጥሩ ልማድ ከማስነጠስሽ፣ ከመሳልሽ፣ ልጅ ከማንሳትሽ በፊት ቀድሞ ጭምቅ ማድረግ ነው፣ በራሱ እስኪመጣ ድረስ።

በሁለት ሳምንት ለውጥ አትጠብቂ። ቢያንስ ሶስት አራት ወር ነው። እና በእውነት እናውራ፣ 1ኛና 2ኛ ደረጃ ላይ ስሜቱን በደንብ ይቀንሰዋል፣ ለኔ በአምስተኛው ወር ክብደቱ የሚሰማኝ በጣም ስደክም ብቻ ሆነ። እንደ እትዬ ሙሉ የወጣን ግን ስፖርት መልሶ አያስገባውም፣ እንዲያም ሆኖ ጡንቻው መጠንከሩ አይጎዳም። ውጪ ሀገር ያላችሁ፣ አሜሪካም ይሁን አውሮፓ፣ ይሄን ብቻ የሚያሰሩ ፊዚዮቴራፒስቶች አሉ፣ ሐኪማችሁን ሪፈር ጠይቁት፣ በትክክል መሰራቱን የሚያይልሽ ሰው ማግኘት ትልቅ ልዩነት አለው።

አራስ ከሆንሽ ደሞ አትደንግጪ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ስጋው እየተሰበሰበ ስለሚሄድ ቀላሉ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል። የአራስ ቤት ደንባችን፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን እስኪደርስ ገንፎና አጥሚት እየጠጡ መተኛቱ፣ ለዚህ ጉዳይ እንደ መድኃኒት ነው፣ ችግሩ ገጠር ውስጥ ብዙዋ ሴት በሳምንቷ ማድቤት መግባቷ ነው።

ደረጃ 6፦ ቀለበቱ፣ ማለትም ፔሳሪ

ይሄን እኛ ሀገር የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፣ እኔም የሰማሁት ሜሪላንድ ከምትኖር ጓደኛዬ ነው፣ እናቷ የልብ ህመምተኛ ስለሆኑ ኦፕራሲዮን አይሆንላቸውም ተብሎ እሱን አደረጉላቸው። ፔሳሪ ከሲሊኮን የተሰራ ለስላሳ ነገር ነው፣ አብዛኛው ቀለበት ቅርጽ አለው፣ ብልት ውስጥ ገብቶ የወረደውን ደግፎ ይይዛል። አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ፣ የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ግማሽ ሮማን ያስገቡ ነበር ለዚሁ።

ልክ እንደ ጫማ በቁጥር ነው፣ ሐኪሟ ወይ ነርሷ እየሞከረች ነው ልኩን የምታገኘው፣ አንዳንዴ ሁለት ሶስት መሞከር ያስፈልጋል። ከክሊኒኩ ሳትወጪ ተራመጂ፣ ቁጢጥ በይ፣ ሳዪ፣ ሽንት ቤት ገብተሽ ሽኚ። ከወደቀ ትንሽ ነው፣ ካመመሽ ወይ ሽንት ከከለከለሽ ትልቅ ነው፣ ልኩ ከሆነ ጭራሽ አይታወቅሽም። ቀለበቱን ራስሽ አውጥተሽ በሳሙናና በውሃ አጥበሽ መመለስ መማር ትችያለሽ፣ ለግንኙነትም ማውጣት ወይ መተው ይቻላል። ራስሽ የማታወጪው ከሆነ በየሶስት እስከ ስድስት ወሩ ክሊኒክ ሄደሽ ይታይልሽ፣ ቀጠሮው ቀልድ አይደለም፣ ለዓመታት ተረስቶ የቀረ ፔሳሪ ስጋ ውስጥ ይገባል። ደም፣ የሚሸት ፈሳሽ ወይ ህመም ከመጣ ቀድመሽ ሂጂ። የወር አበባ ያቆሙ እናቶች ስጋው ስለሚደርቅ ብልት ውስጥ የሚቀባ የኤስትሮጅን ክሬም አብሮ ይታዘዝላቸዋል፣ የጡት ካንሰር ኖሯቸው ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ።

ገና መውለድ ለምትፈልግ፣ የኦፕራሲዮን ተራ ለምትጠብቅ፣ ወይ ኦፕራሲዮን ለማትፈልግ ሴት ይሄ ጥሩ ምርጫ ነው። ሁሉም ቦታ አይገኝም እኛ ጋ፣ ግን ጠይቂ፣ የማይጠየቅ ነገር አይመጣም።

ደረጃ 7፦ ኦፕራሲዮን ከሆነ

አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በብልት በኩል ማህፀኑን አውጥቶ የላላውን ግድግዳ መስፋት አለ፣ ሆድ አይቀደድም፣ ብዙ ጊዜ ከወገብ በታች በማደንዘዝ ይሰራል፣ እትዬ እንዲህ ነው የተሰራችው። ማህፀኑን ሳያወጡ ወደ ላይ ማንጠልጠልም አለ። በሆድ በኩል ብልቱን ከወገብ በታች ካለው የጀርባ አጥንት ጋር የማሰር ስራም አለ። ዕድሜያቸው ለገፋና ከእንግዲህ ግንኙነት ለማይፈልጉ እናቶች ደሞ ብልቱን በመዝጋት የሚሰራ አጭርና ቀላል ኦፕራሲዮን አለ፣ ይሄኛው ግን ወደ ኋላ መመለስ ስለሌለው ፈቃዳቸው በደንብ ተጠይቆ ነው።

ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ፦ ማህፀኔ ይወጣል ወይስ ይቀራል? እንቁላል ማምረቻዬስ? በራሴ ስጋ ነው የምትሰፉት ወይስ መረብ ታስገባላችሁ? ስለመረቡ ጠይቂ የምልሽ በብልት በኩል የሚገባው የፕላስቲክ መረብ ብዙ ሴቶችን ስለጎዳ አሜሪካ በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ ለዚህ ህክምና እንዳይሸጥ ስላገደችው ነው፣ እንግሊዝም ከዛ በፊት በ2018 አስቁማዋለች። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሽንት ሊያመልጠኝ ይችላል ወይ ብለሽም ጠይቂ፣ ተጣጥፎ ተዘግቶ የነበረው የሽንት ቱቦ ሲስተካከል ተደብቆ የነበረ ማምለጥ ብቅ የሚልባቸው አሉና። ልጅ ገና የምትፈልጊ ከሆነ ደሞ ብዙ ሐኪሞች ወልደሽ ጨርሺ ነው የሚሉሽ፣ ቀጣዩ ወሊድ የተሰፋውን ሊያበላሸው ይችላል።

ደረጃ 8፦ ከሆስፒታል ስትወጪ

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ደምና ፈሳሽ፣ ድካም፣ ወገብ ላይ ህመም ይኖራል። ደሙ ሞዴስ እያራሰ የሚሄድ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይ እግርሽ አንድ ጎን አብጦ ካመመሽ ተመለሺ። ድርቀት እንዳይመጣ ከመጀመሪያው ቀን ተልባውን ጀምሪ። ቤት ውስጥ ቀስ እያልሽ መራመድ ጥሩ ነው፣ ተኝቶ መዋል ደም ያረጋል። ግንኙነት ቢያንስ ስድስት ሳምንት የለም፣ ያውም ሐኪም አይቶ ይሁን ካለ በኋላ፣ ይሄን ደሞ ለባልሽ ሐኪሙ ራሱ እንዲነግረው አድርጊ፣ ካንቺ ሲሰማና ከሐኪም ሲሰማ አንድ አይደለም።

ከባድ ነገር ማንሳት ለስድስት ሳምንት ጭራሽ፣ ብዙ ሐኪሞች እስከ ሶስት ወር ነው የሚሉት። ስለዚህ ቀጠሮሽን ስትይዢ በመኸር ወይ በሰርግ ሰሞን አታድርጊው፣ እና ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት ውሃውን ማን እንደሚቀዳ፣ ሊጡን ማን እንደሚያቦካ፣ እንጨቱን ማን እንደሚያመጣ በስም በስም ተነጋገሩ። «እንረዳሻለን» ብቻ ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት አንቺው ነሽ የምታነሺው። እትዬ ከሆስፒታል ስትወጣ ሁለተኛው ሐኪም ልጆቿን ሶስቱንም አቁሞ «ጀሪካኑ የማነው?» ብሎ ጠየቃቸው፣ ተያዩ፣ ትልቁ ወንድ ልጇ «የኔ ነው» አለ። የመጀመሪያውን ሳምንት ወንዝ ሲወርድ የሰፈሩ ልጆች ስቀውበታል። አሁን አራተኛ ዓመቱ ነው፣ እትዬ የምታነሳው ባለ 5 ሊትሯን ብቻ ነው፣ ስትቀመጥም ቀጥ ብላ ነው።